የሳር ቤቱ ስዕል

ጉዲና ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ወጣ። ቅዳሜ ነው፣ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም። አዝመራ የተማሪ ዩኒፎርም ጠርዝ እየዘመዘመች ሳለ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብትል፣ ታናሽ ወንድሟ ጭቃ በነካው ጫማው ትራሷን ረግጦ ስዕሉን ከግድግዳ ላይ ሲያወርድ አየችው። እንደምን አደርሽ እንኳ አላላትም። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ወትፎ ከሌላ ሰው ጋር ያወራል። «ሽማግሌዎቹ ለወጉ ያህል ናቸው» ይላል። «አንተ ሰኞ ጠዋት ዶዘሩን ይዘህ ና። መጀመሪያ የአሮጊቷን ክፍል ታነሳልኛለህ።» ይህን ያለው አዝመራ እንድትሰማው ብሎ አይደለም፣ እንዳትሰማውም ብሎ አይደለም፤ ሰው በገዛ ቤቱ እንደሚያወራው ነው ያወራው። ቤቱም በእርግጥ የእሱ ነው። ገርጂ የሚገኘው ይህ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም በጉዲና ስም ነው። አዝመራ ባሏ ከሞተ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ከልጇ ከማራናታ ጋር ያለ ኪራይ ኖራበታለች። እንዲህ ያለ ቤት በዚህ ሰፈር በወር ስንት እንደሚከራይ ጠይቃ አታውቅም፤ ጉዲና በየበዓሉ እያነሳ ስለሚስቅበት መጠየቅም አላስፈለጋት።

ስዕሉ ከእጁ አመለጠና በማዕዘኑ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አረፈ። መስታወቱ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ጉዲና ጥፋቱን አይቶ እንዳላየ ሆነ። ስልኩን ዘጋና ትእዛዙን ሰጣት፤ ኦሎምፒያ ፍሬም ሠሪዎች ጋ ሄዳ መስታወቱን ታስቀይረው፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሰሚት ቤቱ ድረስ ይዛው ትምጣ፣ ሽማግሌዎቹ ዛሬ ይቀመጣሉ፣ ምስክሩ ይህ ስዕል ነው። ሲወጣ ከበሩ ላይ ዞር ብሎ የማራናታን የኮሌጅ ክፍያ ሰኞ እንደሚልክ አስታወሳት። ክፍያውን ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ነገሩ የወርቄ ነገር ነው። ወርቄ የአባታቸው የአቶ ማሞ ሁለተኛ ሚስት፣ የእነአዝመራ የእንጀራ እናት ናት። ያለ ሠርግና ያለ ፊርማ፣ እናታቸው በሞተች በሁለተኛው ዓመት ገብታ አባታቸውን እስኪሞት ድረስ ያስታመመች ሴት ናት። ያን ጊዜ ሰሚት የጤፍና የሽንብራ ማሳ ነበር። ማሞ ከሞተ በኋላ መሬቱ ለግንባታ ተወሰደ፣ በቤቱ ምትክ የተሰጠው ቦታ በጉዲና ስም ወጣ። ጉዲና ቪላ ሠራበት፤ ወርቄን ከግቢው ጥግ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ሰጥቶ አስቀመጣት። አሁን ግቢውን አፓርታማ ለሚሠራ ሰው ሊያስረክብ ተስማምቷል። ወርቄ ደግሞ አልወጣም ብላለች። የድሮውን የማሞን ቤት ሳር አውርዳ ቆርቆሮ ያለበሰችው እሷ መሆኗን ትናገራለች፤ ወንድሞቿ የሰጧትን ላም ሸጣ፣ አርባ ቆርቆሮ ገዝታ፣ ማሞ በሕይወት ሳለ። ስለዚህ በቤቱ ድርሻ አላት፣ በቤቱ ምትክ በመጣው ቦታም አላት። ጉዲና ይህን ሁሉ ውሸት ነው ይላል። አባቱ እስኪሞት ቤቱ የሳር ቤት ነበር፣ ከሞተ በኋላ በ1994 ዓ.ም. ቆርቆሮ የመታው እሱ ራሱ ነው። ደረሰኝ የለም፤ የዚያን ጊዜ ጎረቤት ደግሞ በየአቅጣጫው ተበትኗል። አዝመራም አታውቅም። ከ1989 እስከ 1996 ቤይሩት የሰው ቤት ስትጠርግ ነበረች። ስትመለስ አባቷ ሞቶ፣ ቤቱ ቆርቆሮ ለብሶ፣ ወርቄ በእናቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። አዝመራ ያንን ወንበር እስከ ዛሬ ይቅር አላለችም።

ስዕሉን የሠራው መምህር ሃይለኣብ የሚባል የሥነ ጥበብ አስተማሪ ነው። በየእሁዱ የቀለም ሣጥኑን አንጠልጥሎ ከከተማ እየመጣ ማሳው ዳር ይቀመጥ ነበር አሉ። ማሞ እርጎ ይሰጠዋል፣ መምህሩ ደግሞ አንድ ቀን ይህንን ሰጠው። ከሸራው ጀርባ «ለአቶ ማሞ፣ ስለ እርጎው ምስጋና፣ የካቲት 1991» ተብሎ በእጅ ተጽፏል። ጉዲና ስዕሉን ምስክር አድርጎ የቆጠረው በዚህ ቀን ምክንያት ነው። ማሞ የሞተው በ1993 ነው፤ በስዕሉ ላይ ቤቱ ሳር ከሆነ የወርቄ ነገር አበቃለት። ሳር መሆኑን ደግሞ የሚጠራጠር አልነበረም። ባሕር ዛፎቹ ወይን ጠጅ ናቸው፣ ሰማዩ እንደ ሎሚ ልጣጭ፣ ግድግዳው ሮዝ፣ በስተቀኝ የጭድ ክምር፣ በስተግራ የጥጆች ጎጆ፣ መሀል ላይ ጣሪያው ቢጫ፣ ድምቅ ያለ ቢጫ የሆነ ቤት። ሰው አንድም የለበትም። ዘመዱ ሁሉ «የሳር ቤቱ ስዕል» ብሎ ሰየመው፣ ሃያ ዓመት በዚሁ ስም ጠራው፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ሠዓሊው ትክክለኛው ቀለም አልቆበት ነው እየተባለ ይሳቅበታል። አዝመራ ራሷ አቧራውን ከመጥረግ በቀር ትኩር ብላ አይታው አታውቅም። የራስን ግድግዳ ማን ያያል።

ማራናታ ከመኝታ ቤት ዓይኗን እያሸች ወጣች፤ ሁሉን ሰምታለች። አጎቷ የሚከፍልላትን ኮሌጅ ታስባለች፣ ወርቄን ደግሞ ትወዳታለች፤ ሁለቱ በአንድ ሆድ አልተስማሙላትም። ስዕሉን ከእናቷ ጋር በአሮጌ አንሶላ ስትጠቀልል «ማሚ፣ ይሄ እኮ ፖስት ኢምፕሬሽኒስት ስታይል ነው፣ ሰርች አድርጌው ነበር። ፎቶ አይደለም፣ እንዴት ኤቪደንስ ይሆናል?» አለች። አዝመራ አንቺ ቁርስሽን ብዪ ብላ ወጣች።

ከገርጂ መገናኛ፣ ከመገናኛ ኦሎምፒያ ሁለት ታክሲ ያዘች። ረዳቱ ስዕሉ የሰው ቦታ ይዟል ብሎ የሁለት ሰው አስከፈላት። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ከአንድ ፎቅ ሥር ያገኘችው የፍሬም ቤት ከአልጋ ብዙም አይሰፋም። በግድግዳው ላይ ባለቤቶቻቸው ረስተዋቸው የቀሩ የሠርግና የምርቃት ፎቶዎች ተደርድረው ይስቃሉ። ባለቤቱ ጋሽ ፊሊጶስ ይባላሉ፤ ስድሳ አምስት ያለፋቸው፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ፣ በወጣትነታቸው የሥዕል ትምህርት ጀምረው ያቋረጡ ሰው ናቸው። ማቋረጣቸውን ማንም ሳይጠይቃቸው ለደንበኛ ሁሉ ይነግራሉ። አንሶላውን ገልጠው እንዳዩት ፊታቸው ተለወጠ።

በዘይት ቀለም ላይ መስታወት ያደረገው ማን እንደሆነ ጠየቋት። አዝመራ ሟቹ አባቴ ሳይሆን አይቀርም ብትላቸው፣ ነፍስ ይማር፣ ግን በደለው አሉ። ስዕል ይተነፍሳል፣ መስታወት የሚደረገው ለፎቶና ለወረቀት ነው። የተሰነጠቀውን መስታወት በጥንቃቄ አወጡና ብርሃን ላይ አነሱት። የሃያ ምናምን ዓመት የማብሰያ ጭስና አቧራ ጠጥቶ ሻይ መስሏል። ከዚያ አዝመራ ያልጠበቀችውን አደረጉ፤ ጥጥ በእንጨት ጫፍ ጠቅልለው በምራቃቸው አረጠቡና ጣሪያውን ከጥጉ ጀምረው ቀስ እያሉ ይጠርጉ ጀመር። ፊቷ ሲጨማደድ አይተው «ምራቅን አትናቂ፣ ከሳሙና ይለዝባል» አሏት። ጥጡ ጠቁሮ ወጣ። ከሥሩ ሌላ ቀለም መጣ። ቢጫው ብቻውን አልነበረም፤ በየመሀሉ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብለው የወረዱ ቀጫጭን ወይን ጠጅ መስመሮች ነበሩ።

«አሁን ውጪና እዪው» አሉና መንገዱ ዳር አቆሟት። ራሳቸው ስዕሉን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። አዝመራ ከመኪናውና ከሰዉ መሀል ቆማ አየችው። በስዕሉ ውስጥ ሊመሽ ሲል ነበር። የካቲት ነው፣ ፀሐይዋ ልትገባ ትንሽ ቀርቷታል፣ ግድግዳው የዕለቱን ሙቀት አምቆ ቀልቷል፣ የዛፎቹ ጥላ እስከ ደጁ ደርሷል። አባቷ በዚያ ሰዓት ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን ሲታጠብ ትዝ አላት፤ ውሃው እንኳ ቢጫ ይሆን ነበር። ለሃያ ምናምን ዓመት ያላለቀሰችው ልቅሶ በኦሎምፒያ አስፋልት ዳር መጣባትና በነጠላዋ ጫፍ መለሰችው። ውሸታም ነው ሲሉት የኖሩት ሠዓሊ አንዲትም ነገር አልዋሸም ነበር።

ጋሽ ፊሊጶስ ደስ ብሏቸው ማስረዳት ጀመሩ። እንዲህ የሚሠሩ ሰዎች፣ አሉ፣ ቀለሙን ከዕቃው አይወስዱትም፤ ከሰዓቱና ከልባቸው ነው የሚወስዱት። ዛፉ ሐዘን ከሆነባቸው ወይን ጠጅ ያደርጉታል፣ ማንም አይከለክላቸውም። እጃቸው ግን ዕቃውን ይከተላል። ጭዱን ሲሠራ እጁ ጭድ ሆኗል፣ አጭር አጭር፣ የተንጨባረረ፣ ጎበጥ ጎበጥ ያለ። ቅጠሉን ሲሠራ ቅጠል ሆኗል። ከዚያ ጣታቸውን ሳያስነኩ ጣሪያው ላይ አንሸራሸሩና «ይህን ቆርቆሮ ደግሞ እንዴት አድርጎ መታው!» አሉ።

«ሳር ነው» አለች አዝመራ።

«ማ ነው ሳር ያለው?»

ማ እንዳለው ነገረቻቸው፤ ሁሉም ሰው። ጋሽ ፊሊጶስ ሳቁ። የጥጆቹን ጎጆ አሳዩአት፤ እሱ ሳር ነው፣ ተመልከቺ፣ ክዳኑ ወፍራም ነው፣ ጠርዙ ተንጠልጥሏል፣ ብሩሹ እንደ ጭዱ ክምር ተንጨባሯል። በዚያው ፀሐይ ውስጥ ሆኖ ግን እንደ ትልቁ ጣሪያ አላበራም። ትልቁ ጣሪያ ጠርዙ ስስ ነው፣ መስመሩ ከአናቱ እስከ ግርጌው ሳይቆረጥ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ በየመስመሩ መሀል ጥላ አለ። አዲስ ቆርቆሮ ነው፤ ዝገት እንኳ አልነካውም፣ ለዚያ ነው ፀሐይዋን እንዳለች የመለሳት። አዝመራ አሁን ሳር አድርጋ ልታየው ሞከረች፣ አልቻለችም። ዓይን አንዴ ካየ በኋላ መልሶ አይጨፈንም።

መጀመሪያ የተሰማት ፍርሃት ነው። ሁለተኛ የመጣላት ሐሳብ ደግሞ የሚያሳፍር ነበር፤ አሮጌውን መስታወት መልሰው ቢያደርጉበትስ አለቻቸው፣ ስንጥቁ አይጎዳም። ጋሽ ፊሊጶስ በመነጽራቸው ላይ አዩአት። ያን ቆሻሻ መስታወት መልሶ ከማድረግ ሱቃቸውን መዝጋት እንደሚቀላቸው ተናገሩ። ከፍሬሙ ብቻ የላላውን ማዕዘን አጠበቁ፣ ሦስት መቶ ብር ተቀበሉ፣ ስዕሉን ራሳቸው ጠቀለሉላት። ሸክሙ ስትመጣ ከነበረው ቀልሏል፤ አዝመራ ግን ከብዷት ወጣች።

መገናኛ የሰሚት ታክሲ ሰልፍ ላይ ስትቆም ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። ጉዲና ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ሁለቴም ደረሽ ወይ ብቻ ነው ያለው። በወረፋው መሀል ስዕሉን እግሯ ላይ አስደግፋ ከራሷ ጋር ተከራከረች። ምን አገባት? ወርቄ ለእሷ ምኗ ናት? በእናቷ ወንበር የተቀመጠች ሴት ናት። አንድ ቀን በበዓል እንኳ እጇን ይዛ ስማት አታውቅም። ጉዲና ደግሞ ወንድሟ ነው፤ ባሏን የቀበረላት እሱ ነው፣ ጣሪያ የሰጣት እሱ ነው፣ ልጇን የሚያስተምርላት እሱ ነው። ብትናገር ወጪት ሰባሪ ይሏታል። ደግሞ ማንም አልጠየቃት፤ ስዕሉን አድርሳ ከጓዳ ብትቀመጥ፣ ሽማግሌዎቹ እንደ ሰው ሁሉ ቢጫውን አይተው ሳር ነው ቢሉ፣ እሷ አልዋሸችም። ዝም አለች እንጂ። በዚህ ሐሳብ ትንሽ ተጽናናች። ታክሲው ሲመጣ ተጋፍታ ገባች፣ ስዕሉንም ፊቱን ወደ ራሷ አዙራ ጭኗ ላይ ያዘችው፤ ይህ ስህተት ነበር፣ ምክንያቱም እስከ ሰሚት ድረስ በአንሶላው ቀዳዳ ያንኑ ጣሪያ ስታይ ሄደች።

የጉዲና ሳሎን ሰፊ ነው፤ ሶፋው ግድግዳውን ተከትሎ ይዞራል፣ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃና ለስላሳ ተደርድሯል። በሽምግልና ወግ ሁለቱ ወገኖች አንድ አንድ ሽማግሌ መርጠዋል። የጉዲና አቶ ገብረሰንበት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ፣ ደረቅ ግን ቀጥተኛ ሰው። የወርቄ ጋሽ ሚስባህ ናቸው፤ ጨውና ሳሙና የምትገዛበት ሱቅ ያላቸው የስልጤ ነጋዴ፣ ከአፋቸው ተረት የማይጠፋ። በወጉ ሦስተኛ ያስፈልግ ነበር፤ ጋሽ ሚስባህ ሦስተኛው ስዕሉ ይሁን ብለው ቀልደዋል። ወርቄ ከበሩ አጠገብ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣለች። አንሳለች፣ ሻሿን አሥራለች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጋድማለች። አዝመራ ስትገባ ብድግ ልትል ሞከረች፣ አዝመራ ግን በዓይኗ አልፋት ሄደች።

ክርክሩ ቀድሞ ተሰምቷል። ወርቄ ስለ አርባው ቆርቆሮ፣ ስለ ወንድሞቿ ላም፣ ለአናጢዎቹ ሚስማሩን ያቀበላቸው ጉዲና ራሱ መሆኑን፣ ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቱ እንደነበር ተናግራለች። ጉዲና አሮጊት ናት፣ ዘመኑ ተምታቶባታል ብሎ በልዝብ መልሷል። አቶ ገብረሰንበት ስዕሉ ከመገለጡ በፊት እንደ አባቶች ወግ ሁለቱን ጠየቁ፤ ምስክር ሲቆጠር ቃሉን እቀበላለሁ ተብሎ ነው፣ ከሰሙ በኋላ አይሆንም ማለት የለም። ጉዲና ከወንበሩ ሳይነሳ እቀበላለሁ አለ፣ ፈገግም አለ። ወርቄ ስዕል አላውቅም፣ ግን ማሞ ያስቀመጠው ነገር አይከዳኝም፣ እቀበላለሁ አለች። ይህን ስትል አዝመራን አላየቻትም።

ስዕሉን በረንዳው ላይ ወንበር አስደግፈው ገለጡት። መስታወት አልነበረበትም፤ ጉዲና ለምን እንደሌለው በዓይኑ ጠየቃት፣ እሷ መሬት አየች። አቶ ገብረሰንበት የጀርባውን ጽሑፍ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፣ የካቲት 1991። ከዚያ ፊቱን አዩ። ሁለቱም ብዙ አዩ። ጋሽ ሚስባህ ቢጫ ነው አሉ፣ ቅር እያላቸው። አቶ ገብረሰንበት መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደገና አደረጉና እኔም የማየው ቢጫ ነው፣ ሳር ነው የሚመስለው አሉ። ወርቄ አንገቷን ዝቅ አደረገች። አልጮኸችም፣ አልማለችም፤ ከሰርቪሷ ምን ምን ዕቃ እንደምታወጣ የምታስብ ትመስል ነበር። ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። አዝመራም ዝም እንዳለች ትቀር ነበር፣ ጉዲና አንድ ቃል ባይጨምር ኖሮ። ማሸነፉ አልበቃውም፣ ማኅተም ፈለገበት።

«እህቴን ጠይቋት» አለ። «አሥራ አንድ ዓመት ግድግዳዋ ላይ የኖረ ስዕል ነው። ሳር ይሁን ቆርቆሮ ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም።»

አቶ ገብረሰንበት ወደ አዝመራ ዞሩና ማይልኝ አሏት። አዝመራ እኛ አንምልም አለች፤ ጴንጤ መሆኗን ያውቃሉ። እንግዲያው ያለ መሐላ ተናገሪ፣ አዎ ያልሽው አዎ ይሁን አሉ። ለአዝመራ ይህ ከመሐላ የባሰ ነበር። የማለ ሰው በመሐላው ይዋሻል፣ እሷ ግን የምትዋሸው በራሷ አፍ ነው። ጉዲና ስልኩን እየነካካ ነበር፣ አላያትም፤ የእሷን መልስ ከገዛ ኪሱ እንደሚያወጣው ነገር ነበር የጠበቀው። ቢያያት ምናልባት ሳር ነው ትል ነበር።

«ቆርቆሮ ነው» አለች።

ጉዲና ስልኩን አስቀመጠ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገሩ። አዝመራ ስዕሉ ፊት በርከክ ብላ ጋሽ ፊሊጶስ እንዳሳዩአት አሳየች፤ ጣቷ አልሳተም። ጭዱን አሳየች። የጥጆቹን ጎጆ አሳየች። ቀለሙን ተዉት፣ አለች፣ እጁን እዩ፣ የሰውዬውን እጅ ተከተሉ። ከአናቱ እስከ ግርጌው መስመሩን አወረደች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ በየመሀሉ ያለውን ጥላ፣ ስሱን ጠርዝ። ጉዲና ሳቀ፣ ሳቁ ግን ቀጭን ነበር። ወይን ጠጅ ባሕር ዛፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ አለ፣ ይህ ስዕል ነው፣ ዝም ብሎ ቀለም ነው። ጋሽ ሚስባህ ጺማቸውን እየዳሰሱ «አንተ ልጅ፣ ገርጂ ላይ የቆርቆሮ መደብር ያለህ አንተ አይደለህም እንዴ?» አሉት። «በጨለማ ዳብሰህ ቆርቆሮ የምታውቅ ሰው ዛሬ በቀን ጠፋብህ?» አቶ ገብረሰንበት በርከክ ብለው ስዕሉን በጣም ተጠግተው አዩ፤ በኋላ ተነስተው ወደ ኋላ ሄደው እስከ ግቢው በር ድረስ ርቀው አዩ። ሲመለሱ ጉዲናን ሳይሆን መሬቱን እያዩ ተናገሩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ አሉ፤ ምስክሩን የቆጠርከው አንተ ነህ፣ እቀበላለሁ ያልከውም አንተ ነህ። ሚስማር ያቀበለውን የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ አዝመራ ያን ጊዜ ጉዲና ፊት ላይ አየችው፤ አንገቱ ቀልቶ ነበር።

ወረቀት ተጻፈ። የወርቄ ክፍል አይነካም፤ ድርሻዋ ተለይቶ በስሟ ሳይጻፍና እሷ ሳትፈርም ግቢው ለማንም አይሰጥም። ሽማግሌዎቹ ሲጽፉ ወርቄ ከወንበሯ ተነስታ ቀስ እያለች ስዕሉ ጋ መጣች። ማሞ ከሞተ ወዲህ ስታየው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ማሞ እንደ ሞተ ጉዲና ወስዶት፣ በኋላም አዝመራ ጋ ተሰቅሎ፣ እሷ ደግሞ አንድ ቀን ወደዚያ ቤት ተጠርታ አታውቅም። ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። አዝመራ የምስጋና ቃል ፈርታ ነበር፤ ምን ብላ እንደምትመልስላት አታውቅም። ወርቄ ግን አላመሰገነችም። ከጣሪያው ጀርባ፣ ሠዓሊው ምንም ያልሠራበትን ቦታ በጣቷ አሳየች።

«በዚህ ሰዓት እኔ ከዚህ ኋላ ነበርኩ» አለች። «ላም አልብ ነበር። መምህሩ፣ ሰው ከደጁ ይነሳልኝ ስላለ።»

አዝመራ አጠገቧ ቆማ የታየውን ቤትና ያልታየችውን ሴት አብራ አየች። ወንበሩን ይቅር አለቻት ማለት አይቻልም፤ ሃያ ዓመት የከረመ ነገር እንዲህ በአንድ ከሰዓት አይለቅም። «እትዬ ወርቄ፣ ይቀመጡ» ብላ ግን የራሷን ወንበር ሳበችላት።

ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲጨርሱ ጉዲና አዝመራን በክንዷ ይዞ ወደ በረንዳው ጥግ ወሰዳት። አልተቆጣም። ትንሽ ልጅ ሳለ ሲጠራት በነበረው ስም፣ ዝግ ባለ ድምፅ ነው የተናገራት።

«አዝሙ፣ ስዕሉን ይዘሽው ሂጂ፣ ያንቺ ነው» አላት። «እስከ ወሩ መጨረሻ ግን ሌላ ግድግዳ ፈልጊለት።»

ከዚያ ለሽማግሌዎቹ ለስላሳ ሊከፍት ገባ። አዝመራ እዚያው ቀረች። እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ያላት አንድ የስፌት መኪናና አንዲት ልጅ ናቸው፤ ፈራች፣ ክፉኛ ፈራች። የተናገረችውን ቃል መልሳ ልትውጠው ትፈልግ እንደሆነ ራሷን ጠየቀች። አልፈለገችም። ስልኳን አውጥታ ማራናታ ጋ ደወለችና ከታች ካለው ሱፐርማርኬት ባዶ ካርቶን መለመን እንድትጀምር ነገረቻት። ልጅቷ ደንግጣ ለምን አለቻት።

«ቆርቆሮ ነው ብዬ» አለች አዝመራ።